የኦቦ መርጋ የድሮ ሥራዎች

በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ ሊለቅ የተነሣ አንድ ሰው አይጠፋም። ደመወዙን እዚህ ይቀበላል፤ ልቡ ሌላ ቦታ ይውላል። አምቦ ላይ ለእኛ ቢሮ የደረሰን ክቡር ኦቦ መርጋ ነበር።

ኦቦ መርጋ ያለበትን ሥራ አመስግኖ አያውቅም። የሚያመሰግነው የለቀቀውን ነው። አብዱልፈታህ የሚባል ነጋዴ ሱቅ ተቀጥሮ ጨርቅ ሲሸጥ፣ ቀኑን ሙሉ መቆም እግሬን ገደለው እያለ ያማርር ነበር። በኋላ ጎጆ ከተማ በሚመላለሰው አውቶቡስ ረዳት ሆኖ ብርዱና ጭቃው ሲያንገሸግሸው፣ "ሥራማ ያኔ ቀረ፤ ጥላ ሥር ቆሞ ጨርቅ መለካት" ማለት ጀመረ። ይህን ባለ በወሩ አውቶቡሱን ለቆ እኛ መዝገብ ቤት ገባ።

ሰኞ ሰኞ የውይይት ክበብ ነበረን። አንድ ቀን ጓድ ሊቀመንበራችን ስለ ምርት ዘመቻው አስተያየት እንዲሰጥ ቢጠይቀው፣ ተነሥቶ ስለ ጎጆ አውቶቡስ አወራ። ተሳፋሪው እንዴት በስሙ እንደሚጠራው፣ ለገበያ የሚወርዱት በጎች እንኳ ጣሪያው ላይ እንዴት በሥርዓት እንደሚቀመጡ ተረከልን። ሊቀመንበሩ ነገሩ ከምርት ጋር የት እንደሚገናኝ ሲፈልግ ሰዓቱ አለቀ፤ ሁላችንም በሆዳችን መረቅነው። እኔ ግን ደነገጥኩ። ኦቦ መርጋ የድሮ ሥራውን ማመስገን ከጀመረ ሊለቅ ነው ማለት ነው።

እንደፈራሁትም ካቺሲ ከተማ ሄዶ ልብስ ሰፊ ለመሆን ላሙን ሸጦ የስፌት መኪና ገዛ። ባለቤቱ ድንቅቱ ቢሮ ድረስ መጣች።

"ኦቦ ቀንዓ፣ እርስዎን ይሰማል" አለችኝ። "ወር ጠብቆ የሚመጣ ደመወዝ ለቆ ልጆቹን ምን ሊያበላ ነው?"

ሻይ ቤት ወሰድኩትና፣ ከመልቀቁ በፊት ያለፈባቸውን ሥራዎች እስኪ ረጋ ብሎ እንዲያስብ መከርኩት። የእኔ ሐሳብ እሱን ማስቀረት ነበር። እሱ ግን የምሩን አሰበበት። ከሱቁ የወደደው ጨርቅ መዳበሱን ነው፤ ከአውቶቡሱ ደግሞ ከሰው ጋር መጫወቱን። ልብስ ሰፊ ሁለቱንም ያገኛል። ምን ልበለው?

"ከእኛ ዘንድስ ምን ወደድክ?" አልኩት።

ሻዩን ፉት አለ። "የእናንተ ጣሪያ ያፈሳል።"

ተቀየምኩት። ያን ሁሉ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን ጣሪያ ብቻ? ቢሆንም የስፌት መኪናውን ተሸክሜ አውቶቡስ ላይ የጫንኩለት እኔው ነኝ።

ክረምቱ እንዳለፈ ድንቅቱ ለገበያ በመጣ ዘመዷ በኩል ቃል ላከችልኝ። ስፌቱ ደህና ይዟል፤ ልጆቹም ጠግበው ያድራሉ። ብቻ ሰሞኑን እግሩን ከመርገጫው ላይ እያነሣ፣ "ሥራማ ያኔ ቀረ፤ ከቀንዓ ጎን ቁጭ ብሎ መዋል" ማለት ጀምሯል። ቃሏ የሚያልቀው በጥያቄ ነበር፦ "ለመሆኑ ወንበሩ አለ?"

ኦቦ መርጋ ወደ ለቀቀው ሥራ ተመልሶ አያውቅም። ለልጆቹም ቢሆን እዚያው ቢረጋ ይሻላል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ግን ናፍቆኛል። "አለ በላት" ብዬ ዘመዷን ሸኘሁት። ከዚያ ወንበሩን ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር አንሥቼ ወደ እኔ ጠረጴዛ አስጠጋሁት።