ሊቀ መቀስና የከንፈሬ ሪዝ

በየሰፈሩ ደንበኛውን ሳያስተኛ መቁረጥ የማይሆንለት አንድ ፀጉር አስተካካይ አይጠፋም። የእኛ ሰፈሩን «ሊቀ መቀስ» ብዬ የሾምኳቸው እኔ ነኝ፤ ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ሹመቱን ልገፍፋቸው ነው። ሪዜን በልተውኛላ!

እኚህ ሰው ሲናገሩ ተሰምተው አይታወቁም፤ ያንሾካሹካሉ። «ጋሼ፣ ትንሽ ቀና...» ከዚያ መቀሱ ጆሮዬ ሥር ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ ይላል። አንዳች ነገር ከማጅራቴ ተነስቶ እስከ ወገቤ ውርር ያደርገኛል። በብሩሹ አንገቴን ዳበስ ሲያደርጉኝማ ስሜን ብትጠይቁኝ አልመልስም።

ክፋታቸው፣ ፈቃድ የሚጠይቁት ሰው ካሸለበ በኋላ ነው። «ይሄንንስ ላንሳው?» የተኛ ሰው ምን ይላል? «እም» ይላል። «እም» በእሳቸው ቤት ፊርማ ነው። የሒሳብ መምህሩ ጎረቤቴ ለሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ጫፍ ጫፉን ሊከረከም ገብቶ ተላጭቶ ወጣ። ሊጮህ ሲል «እም ብለዋል እኮ» ብለው አንሾካሾኩለት፤ አመስግኖ ሄደ። ጉድ እኮ ነው!

የእኔ ግን ከሠርግም ይብሳል። ሪዜን ባለቤቴ ነፍሷን ይማርና «ይቺን እንዳትነካት» ትለኝ ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም፤ ሪዜን እየዳበስኩ አነጋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ወንበሩ ላይ ነቅቼ መስታወቱን ባየው፣ ከአፍንጫዬ ሥር ባዶ ሜዳ!

ደሜ ፈላ። ክብራቸውንም ረሳሁ።

«አንተ ሰው፣ ሪዜን ምን አደረግከው?»

«እም ብለዋል፣ ጋሼ።»

«እንቅልፌ ነው እንጂ እኔ መቼ አልኩ!»

ዞር ስል ቤቱ ባዶ ነው፤ ወረፋ ጠባቂዎቹን ሁሉ መልሷቸዋል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተኝቻለሁ።

«ፀጉርዎን ከጨረስኩ ቆየሁ» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ። «መቀሱን ሳቆም ይባንናሉ። አየሩን ብቆርጥም አልተታለሉልኝም። ፂሙን ያዝኩ፤ እሱም አለቀ። ሌላ የሚቆረጥ ሳጣ...» ወደ ከንፈሬ ጠቆመ። «እትዬ ካረፉ ወዲህ እንዲህ ሲተኙ አይቼ አላውቅማ።»

ልሳደብ አፌን ከፈትኩ፤ አንጀቴን በላኝና ዘጋሁት። ልወጣ ያነሳሁትን ኮቴን መልሼ ሰቀልኩ፤ ወንበሩ ላይም ተደላድዬ ተቀመጥኩ።

«በል ቀጥል» አልኩት። «ቅንድቤ ገና አለ።»