ናፍጣ የጠጣችው ካሚዮን

መጠየቅ ከሞት የሚከብደው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ አጎቴ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ የጣልያን ካሚዮን ይነዳል። በቀደም ደጃችን አቁሞ፣ ቤንዚን ለምትጠጣው መኪና ከጫናቸው የቤንዚንና የናፍጣ በርሜሎች ናፍጣውን ቀዳላት። «የትኛው የቱ ነው?» ብሎ እሱ ሊጠይቅ? ምን ሲደረግ! ኋላ እጁን ሲያሸተው ክው አለ።

«ጣልያኑ አለቃዬ መጥቶ ቆማ ካገኛት ይገርፈኛል፤ ላስነሳት!» አለ።

እናቴ መኪና ተሳፍራ አታውቅም። «ተው አንተ! መርዝ የጠጣን ሰው ያስሮጡታል? ያስወጡለታል እንጂ! ኮሶ ጠጥተህ አታውቅም?»

መኪና ሆድ እንዳላት ያወቅኩት ያኔ ነው። አጎቴ ከሥሯ ተኝቶ መክደኛውን ፈታ፤ ናፍጣውን እስከ ጠብታው አፈሰሰና ቤንዚን ሞላ። አለቃው ሲደርስ ሞተሯ ሲያጓራ አገኘው።

መኪናዋስ ዳነች። አጎቴ ግን ዛሬ ውሃ ብንሰጠው አሸተተና፣ «እታለም፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለ።