ሁለት ረድፍ ቁልፍ

ስደተኛ በሰፈረበት ከተማ ሁሉ፣ ሌላው ስለ መኖሪያ ፈቃዱ ሲጨነቅ እሱ ስለ ሰው ኮሌታ የሚጨነቅ አንድ ሰው አይታጣም። ፈጣሪ ይህን ሰው ለምን እንደፈጠረው አይታወቅም፤ ምናልባት መከራችን እንዳያንስ ይሆናል። ካርቱም ብትሄዱ፣ ሮም ብትሄዱ ቀድሟችሁ ደርሷል። በር ላይ ቆሞ ከእግር እስከ ራስ ይቃኛችኋል፤ ከዚያም አስከሬን እንዳየ ሰው ራሱን ይነቀንቃል።

የአምስተርዳሙ አቶ ሽባባው ይባሉ ነበር። ዘመኑ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የሰማንያዎቹ እኩሌታ ነው። የኮሌታ ሊቅ፣ የከረባት መምህር፣ የካፖርት የበላይ ጠባቂ የሆኑት ክቡርነታቸው፣ አገር ቤት ሳሉ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ አስተማሪ ነበሩ። ኒው ዌስት ከሚባለው ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ በመንግሥት ድጎማ ይኖራሉ፤ ከቤት ሲወጡ ግን ድጎማውን ከሚሰጣቸው ሹም በላይ ለብሰው ነው። ግራጫ ሙሉ ልብስ ከነሰደርያው፣ ከላዩ ሁለት ረድፍ ቁልፍ ያለው ጥቁር ሰማያዊ ካፖርት። ካፖርቱ በሐምሌም አይወልቅም።

ሁሉም ከአሮጌ ልብስ ገበያ የተገዛ ይመስላል። ሆቴል የምታጸዳው ጎረቤታቸው ይመኙሻል፣ «ጋሼ፣ የሞተ ሆላንዳዊ ለብሰው መጡ?» ስትላቸው፣ «ሟቹ ጨዋ ነበር፤ ስፌቱን እይው» ይሏታል። ከዚያ ይቀጥላሉ። «ሁለት ረድፍ ቁልፍ ለምን እንዳስፈለገ ታውቂያለሽ?» ይህን ጥያቄ የሰማ ሁሉ ትራም እንዳመለጠው ሰው ይሮጣል። መልሱ ረጅም ነው፤ መርከበኛ አለበት፣ ነፋስ አለበት።

አዘዘ ግን መሮጫ አልነበረውም፤ የሚኖረው እሳቸው ዘንድ ነው። የተዋወቁት አዲስ አበባ፣ እስር ቤት ውስጥ ነበር። ስለዚያ ሁለቱም አያነሱም። ከስንት ዓመት መለያየት በኋላ አምስተርዳም ባቡር ጣቢያ ሲገናኙ እንኳ ጋሼ ሽባባው ከመሳማቸው በፊት፣ «ይህን ጃኬት ማን ነው ያለበሰህ?» አሉት። አዘዘ በርዶት ነበር፤ አፈረም። ዛሬም ትዝ ሲለው ይናደዳል።

አዲስ የመጣን ሰው ሌላው ዶሮ የሚረክስበትን ገበያ ያሳየዋል። ጋሼ ሽባባው ቤተ መዘክር ወሰዱት። ጥቁር በጥቁር ለብሰው አንገታቸው ላይ ወንፊት የሚያህል ነጭ ኮሌታ ያደረጉ የጥንት ባለጸጎች ሥዕል ፊት አቆሙት።

«ጭንቅላታቸው በሰሃን የቀረበ አይመስልም? ያ ሁሉ እጥፋት በአሚዶ ነው የደረቀው። እሱን አድርጎ ጎንበስ ማለት አይቻልም። ቁም ነገሩም ይኸው ነው፤ እኔ ለሥራ ጎንበስ አልልም ማለት ነው።»

«ጥቁሩስ ጋሼ? ሐዘን ላይ ናቸው?»

«የምን ሐዘን! ያን ጊዜ ደህና ጥቁር ቀለም ዋጋው አይቀመስም። ትሑት መስሎ መኩራት ነው። ልጆቻቸውም ዛሬ እንደዚያው ናቸው፤ ታየዋለህ።»

ከዚያ ወዲያ አፋቸው አልተዘጋም። ከረባት የክሮኤሽያ ወታደሮች የአንገት ጨርቅ እንደነበረ፣ ከፍ ያለ ተረከዝ የፋርስ ፈረሰኞች እግራቸው ከእርካብ እንዳያመልጥ ያበጁት እንደሆነ፣ በኋላ ፈረስ የማይወጡ የፈረንሳይ መሳፍንት ቀይ ቀብተው እንደተጎማለሉበት፣ ሴቶቹ በዓሣ ነባሪ አጥንት ወገባቸውን አስረው ትንፋሽ እያጠራቸው ይወድቁ እንደነበር። ወንዶቹም የሐር ስቶኪንጉንና የሰው ጸጉሩን፣ አብዮት ሲመጣ፣ አንገታቸውን ለማትረፍ ጥለው የሠራተኛውን ረጅም ሱሪ አጠለቁ። «ወንድ ልጅ ቀለም የተወው ያን ጊዜ ነው» ይላሉ። «ይኸው እስከ ዛሬ የቀብር ልብስ ለብሶ ቢሮ ይገባል።» መደምደሚያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ልብስ ዝም ብሎ አይለበስም!»

አንድ ቀን ትራም ውስጥ፣ ጸጉሯን አረንጓዴ ቀብታ ሱሪዋን በመርፌ ቁልፍ ያያያዘች ልጅ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። አዘዘ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«አንቺ ልጅ» አሏት በተሰባበረ ሆላንድኛ፣ «አራት መቶ ዓመት ዘግይተሻል። ልብስን ሸንትሮ ገበሩን ማሳየት የጀርመን ቅጥር ወታደሮች ያመጡት ነው። መሳፍንቱ አይተው ቀኑና የራሳቸውን አስቀደዱ።»

ልጅቷ ማስቲካ ማኘኳን አቁማ አየቻቸው። «አንተ ደግሞ አርባ ዓመት ዘግይተሃል። እንዲህ የሚለብሰው አያቴ ነበር፤ እሱም ሞቷል።»

ትራሙ በሙሉ ሳቀ። ጋሼ ሽባባው ወደ አዘዘ ዞረው፣ «አየህ፣ ታሪክ ታውቃለች» አሉት በእርካታ።

ይህ ሁሉ ያስቃል። የማያስቀው ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

አዘዘ ገና ጥገኝነት አልተሰጠውም ነበር። ከተሰጠው ካርቱም የቀረችው ሚስቱ የትነበርሽ ትመጣለች፤ ካልተሰጠው አትመጣም። ሄግ ካለ አንድ ቢሮ ለቃለ መጠይቅ ሲጠራ ጋሼ ሽባባው ግራጫውን ሙሉ ልብስ ከራሳቸው ላይ አውልቀው ሰጡት። ከረባቱንም በገዛ እጃቸው አሰሩለት። አዘዘም አልተቃወመም፤ በእኛ ወግ ሹም ፊት የሚቀርብ ሰው ያለውን ሁሉ ይለብሳል፣ ከሌለው የጎረቤቱን ይዋሳል። አባቱም ለአቤቱታ ወረዳ ሲወርዱ የሚለብሱት ካባ የሰው ነበር።

ሹሙ ክሩ የተመዘዘ ሹራብና ሰንደል ጫማ አድርጎ ተቀምጧል። አዘዘ መጀመሪያ የጽዳት ሠራተኛ መስሎት ሹሙ እስኪመጣ ቆሞ ጠበቀ።

«ሱዳን እንዴት ገባህ?» አለው ባለሹራቡ በአስተርጓሚ።

«በእግሬ።»

ሰውዬው ከረባቱን አየ፤ ጫማው ላይ ያለውን ብልጭታም አየ። «በእግርህ» አለና ጻፈ።

ታሪኩ አሳማኝ አይደለም ተባለ። በብስክሌት የምትመላለሰው ጠበቃው ቆብዋን እያወለቀች፣ «ይግባኝ እንላለን፤ ምስክር ያስፈልጋል» አለችው። «ግን እባክህ እንደ ሙሽራ ለብሰህ አትምጣ። ስደተኛ ምሰል።»

አዘዘ ወደ ቤት ሲመለስ ይህች ቃል እንደ እሾህ ውስጡ ቀረች። ስደተኛ መሆኑ አልበቃ ብሎ መምሰልም አለበት። የተራበ ሰው ረሃቡን ሲናገር አይታመንም፤ አጥንቱን ገልጦ ማሳየት አለበት።

ጠበቃዋ ያለችውን ለጋሼ ሽባባው ሲነግራቸው ይመኙሻልም ነበረች። የእሷ ምላስ አይመለስም። «አየሁት እንግዲህ የእርስዎን ከረባት! የትነበርሽን ካርቱም አሰረልን» አለች።

ጋሼ ሽባባው ከረባታቸውን ፈተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። 

«ሞኝ ነኝ» አሉ። «ይህን ሁሉ ዘመን ሳስተምር የራሴን ትምህርት አልሰማሁም። ጌቶቹ ዳንቴል ለበሱ፤ ነጋዴው ዳንቴል መግዛት ሲችል ጣሉት። ሐር ለበሱ፤ ሐር ሌላው ዘንድ ሲደርስ ጣሉት። ሙሉ ልብስ ለበሱና እኛን 'እንዲህ ልበሱ፣ ሥልጣኔ ይኸ ነው' አሉን። እኛ ተበድረን ለብሰን ስንደርስ እነሱ አውልቀው ሹራብ ለብሰው ጠበቁን። የሚለብሱት ምንም ይሁን ምን፣ ዋናው እኛ የለበስነው አለመሆኑ ነው።» ከዚያ ቀና ብለው፣ «ምስክር ያስፈልጋል ብላለች አይደል? እኔ እመጣለሁ» አሉ።

በቀጠሮው ጠዋት አዘዘ ባቡር ጣቢያ ሲደርስ አላወቃቸውም። ክርኑ የተቀደደ ቡናማ ሹራብ ለብሰዋል። ካፖርት የለም፣ ከረባት የለም። እርቃኑን የወጣው አንገታቸው የሌላ ሰው አንገት መሰለ፤ ቀጭን፣ የተሸበሸበ፣ ያረጀ። ሱሪያቸው ብቻ በካውያ ተተኩሶ ቀጥ ብሏል፤ እሱን መተው አልቻሉም።

«ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ቀዳዳውን መርጬ ነው የገዛሁት» አሉ ፊታቸውን እያዞሩ። «ልብስ ዝም ብሎ አይለበስም።»

ይግባኝ ሰሚው ጉባኤ ፊት መጀመሪያ የገባው አዘዘ ነው። ጋሼ ሽባባው እንዳይሰሙ ኮሪደሩ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ። ምስክሩን ከየት ታውቀዋለህ ተባለ። አንድ ክፍል ታስረን ነበር፣ በአንድ ካፖርት በየተራ ነበር የምንተኛው አለ። የካፖርቱ ቀለም? ጥቁር።

ከዚያ ወደ ኋላ ተቀምጦ እንዲያዳምጥ ተፈቀደለት፤ ጋሼ ሽባባውም ተጠሩ። ያው ጥያቄ ቀረበላቸው። የካፖርቱ ቀለም?

«ጥቁር ሰማያዊ።»

የጉባኤው ሰብሳቢ ቀና አለ። ጠበቃዋ ዓይኗን ጨፈነች። አዘዘ የትነበርሽን ካርቱም ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታው ስትሄድ በሐሳቡ አያት።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም» አሉ ጋሼ ሽባባው፤ መቼም ጨርሰው አያውቁም። «ጥቁር ብሎ ከሆነ አልዋሸም፤ ያን ጊዜ በእድፍ ጠቁሮ ነበር። እጅጌውን ገልብጠው ሲያዩት ግን ሰማያዊ ነው። የመርከበኛ ካፖርት ነው፤ ሁለት ረድፍ ቁልፍ አለው። ለምን እንደሆነ ያውቃሉ?»

ሰብሳቢው አላውቅም ብሎ ተሳሳተ።

«መርከበኛ ነፋስ ሲዞርበት በዚያኛው ረድፍ አዙሮ እንዲቆልፍ ነው! እኛ የምንተኛው በሩ ሥር ነበር። ነፋሱ በበሩ ሥር ይገባል። ተራው የደረሰ ሰው በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛ ተናግሮ ቁልፉን ያዞራል። በቀኝ በኩል አንደኛው ቁልፍ የለም፤ ይህ ልጅ ትኩሳት ይዞት ሲንቀጠቀጥ ነክሶ ነቅሎታል። የቁልፍን ታሪክ ካነሳን ደግሞ...»

አስተርጓሚው አላበው። ሰብሳቢው እጁን አነሳ፤ አልተሳካለትም። ስለ ሱፉ፣ ስለ ገበሩ፣ ስለ ኮሌታው ስፋት ሰማ። በመጨረሻ ለማስቆም ያህል፣ «ካፖርቱ የማን ነበር?» ብሎ ጠየቀ።

ጋሼ ሽባባው ቆሙ።

«የአበጋዝ። ከእኛ ጋር የታሰረ ነው። ስሙ ተጠርቶ ሲወጣ ከትከሻው አውልቆ ጣለልንና፣ 'አይበርደኝም' ብሎን ሄደ።»



ኮሪደሩ ላይ ጠበቃዋ፣ «እንዲህ ያለ አሰልቺ ነገር ፈጥሮ የሚዋሽ ሰው የለም ብሎኛል ሰብሳቢው» አለቻቸው፤ ሳቀች። በባቡር ሲመለሱ አዘዘ አልሳቀም። በሐምሌ የማይወልቀውን ያን ካፖርት በየቀኑ በር ላይ ተሰቅሎ እያየ፣ የት እንደሚያውቀው አንድም ቀን ራሱን አልጠየቀም ነበር። አጠገቡ የተቀመጡት ሰው ግን ሹራቡ ላይ ያለውን ቀዳዳ በመዳፋቸው ሸፍነው በመስኮቱ ሜዳውን ያያሉ።

ፈቃዱ ተሰጠ። የትነበርሽ በየካቲት ብርድ፣ በካርቱም ስስ ቀሚስና በላስቲክ ጫማ፣ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ብቅ አለች። ጋሼ ሽባባው ግራጫ ሙሉ ልብሳቸውን፣ ከረባታቸውን፣ ካፖርታቸውን እንደ ድሮው አድርገው ቆመዋል። አዘዘ ሚስቱን አቅፎ ቀና ሲል ዓይናቸው ከጫማዋ ተነስቶ ወደ ላይ ሲወጣ አየ። ምን እንደሚሉ ያውቃል።

አላሉም። ካፖርታቸውን አወለቁና ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት።

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎስ?» አለች።

«አይበርደኝም» አሉ።

ትራሙ እስኪመጣ ቆመው ጠበቁ። ነፋሱ ሰደርያቸው ውስጥ እየገባ ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆነ፤ አፋቸው ግን እንደተዘጋ ነው። አዘዘን አላስቻለውም። ሚስቱ ላይ ያለውን ካፖርት በዚያኛው ረድፍ እያዞረ ቆለፈላትና ወደ እሳቸው ዞረ።

«ጋሼ፣ ይህ ካፖርት ሁለት ረድፍ ቁልፍ ያለው ለምንድን ነው?»

ጋሼ ሽባባው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ከረባታቸውን አስተካከሉ።