የጎረምሳው ፈረስ አፍና የባሌ ልጓም

እኛ የልደታ ሰፈር ሰዎች ጉልበት ያለው ነገር ስናይ ቶሎ ትዝ የሚለን ማሰሪያው ነው። ልጅ ሮጥ ሮጥ ካለ «ኧረ ያዙት!»፣ ምራት ድምጿን ከፍ ካደረገች «ኧረ ልጓም!» እንላለን። ልጓምን በቀን አሥር ጊዜ የሚጠራው ሰው ሁሉ ታዲያ ፈረስ በቴሌቪዥን ካልሆነ አይቶ አያውቅም። እኔ ግን የፈረሰኛ ሚስት ነበርኩ። ነፍሱን ይማረውና ባሌ መብረቅ የሚባል፣ ዝሆን የሚያህል ፈረስ ነበረው። እኔን ከማግባቱ በፊት ሸጦት ቤቴ የገባው ልጓሙ ብቻ ነው። ይኸው አርባ ዓመት ሙሉ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሎ ስንቱን እንግዳ አፍ አስይዟል።

የእህቴ ልጅ ታሪኩ ሙሽሮችን በሠረገላ ላመላልስ ብሎ ከሱሉልታ አንድ ጎረምሳ ፈረስ ገዛ። ቁመቱ አጠር ያለ፣ ደረቱ ግን የቁም ሳጥን ያህል። መሄድ ያውቃል፤ መቆም አያውቅም። አንድ ቀን ባዶውን ሠረገላ እያንጓጓ ተክለ ሃይማኖት ድረስ በርሮ፣ የታክሲ ሰልፍ በትኖ ነው የቆመው።

«እስከ ግንቦቱ ሰርግ መቆም ካልተማረ ለጋሪ እሸጠዋለሁ» አለ ታሪኩ። የጋሪ ፈረስ ጀርባ አይታችሁ ታውቁ የለ? እንግዲህ እዚያ መሄዱ ነው።

ጡረተኛው ጎረቤታችን «ጠንካራ ፈረስ ጠንካራ ብረት ነው የሚፈልገው» ብሎ ፈረደ። ዕድሜ ልኩን መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ነው። ታሪኩም አምኖት ፈረሱን እየጎተተ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ብረት ሠሪው ሙዘይን ዘንድ ሄደ። እኔም የባሌን ልጓም ነጠላዬ ውስጥ ይዤ ተከተልኩ።

ስደርስ ሙዘይን ፌሮ ጠምዝዞ፣ መጋዝ የመሰለ ልጓም አንጠልጥሏል።

«አፉን ከፍታችሁ አይታችኋል?» አልኩ።

ራሴ ከፈትኩት። ፈረሱ የለበሰው የድሮ ልጓም እንደ ሽቦ የቀጠነ ነው፤ ምላሱን ሰንጥቆታል፣ የከንፈሩ ጥግ ላይ ደም ረግቷል።

«አንተን ምላስህን በሽቦ ቢጎትቱህ ቆመህ ትመርቃለህ?» አልኩት ታሪኩን።

«እቴቴ፣ ጉልበተኛ ስለሆነ እኮ ነው።»

«ጉልበቱ እግሩ ላይ ነው! አፉ ያው ሥጋ ነው። ወፈር ያለ፣ ልስልስ ያለ፣ መሃሉ የሚተጣጠፍ ብረት ነው የሚፈልገው። እንካ፣ የመብረቅን ልጓም እይና ተማር!»

ሙዘይን ተቀብሎ ፈረሱ አፍ ላይ ለካው። ከአንዱ ጥግ ተነስቶ ሌላው ጋ አልደረሰም። ገልብጦ ለካው። አሁንም አልደረሰም። ሳቁን እየዋጠ «እማማ፣ ይሄ እኮ የበቅሎ ነው። ያውም የትንሽ በቅሎ» አለኝ።

የጠመንጃ ያዥ ያ ሁሉ መዶሻ ባንዴ ዝም ያለ መሰለኝ።

«ወሬውን ተውና እሱን አስመስለህ፣ ሰፋ አድርገህ ሥራ!» አልኩት።

ሠራው። ፈረሱ አፉን ሁለት ሳምንት አሳርፎ አዲሱን ለበሰ። የሰርጉ ዕለት ታሪኩ የልጓሙን ዛብ በሁለት ጣት ሳብ ቢያደርገው ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቀጥ! ጡረተኛው ጎረቤታችን ከኋላዬ «ጠንካራ ብረት ነው አላልኩም?» ሲል ሰማሁት። ፈረሱም አልተሸጠም፣ እሱም አልታረመም።

ልጓሜ ግድግዳው ላይ ተመልሷል። እንግዳ ሲመጣ አሁንም የመብረቅ ነው እላለሁ፤ ስለ ጥበቱ የጠየቀኝ እንደሆነ፣ ፈረሱ አፈ ትንሽ ነበር እላለሁ። ትልቁ አፍ የባሌ ነበር። እሱን ግን ለእናንተ ብቻ ነው የነገርኳችሁ።