ጸጥተኛው ዳርቻና ቢጫው ጀሪካን

የአገራችን የጉብኝት ታሪክ ለሁለት ይከፈላል፦ እኔ ሞተር ከመዋሴ በፊትና እኔ ሞተር ከተዋስኩ በኋላ። ከደብረ ማርቆስ ብርድ ወረድ ብሎ፣ ዘንባባ ባይኖረው እንኳ ሙቀቱ የማያሳፍር፣ የሰው ኮቴ ያልነካው አሸዋማ ዳርቻ ዓባይ በረሃ ውስጥ ያገኘሁት እኔ ደመላሽ ነኝ። ያገኘሁትም በስልኬ ካርታ ላይ ነው።

እጮኛዬ ሕሊና ግን፣ «ካወራኸው ሁሉ እስካሁን አንዱንም አላየሁ። ይኼም ወሬ ከሆነ ሰርጉን እርሳው» አለችኝ።

«ዋናም አስተምርሻለሁ!» አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ። ለጥንቃቄ ያህል ባዶ ቢጫ ጀሪካን ሞተሩ ላይ አሰርኩ። ታላቅ ዋናተኛ መቼም ጀሪካን አያጣም።

እኛ አገር መንገደኛ ሳይጠየቅ አያልፍም። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ስናርፍ አባ አካለ ወልድ የሚባሉ አዛውንት ቄስ ከጥቂት ምእመናን ጋር ደረሱብን።

«ወዴት ነው ልጄ?»

«ውሃው ድረስ ነው አባ።»

ጀሪካኑን አዩ። ብርድ ያጠወለገውን ፊቴን አዩ። «እግዜር ይማርህ» አሉኝ። ምርቃት አይገፋምና አሜን አልኩ። እነሱም ጠበል የሚወርድ በሽተኛ ያለ ደጋፊ አይሄድም ተባብለው በአቋራጭ ተከተሉን።

ዳርቻው በእውነትም ጸጥ ያለ ነበር። ልብሴን አውልቄ፣ ጀሪካኔን አቅፌ፣ «ተመልከቺ!» ብዬ ገባሁ። ድንጋይ አዳለጠኝ፤ ጀሪካኑ ወደ ሱዳን ጉዞ ጀመረ። ውሃው ከጉልበቴ አይዘልም ነበር፤ እኔ ግን ገደሉ እስኪያስተጋባ ጮኽኩ። ጠበል ሲነካው የሚጮህ ሰው ምን እንዳለበት ደግሞ ጎጃም ውስጥ ሕፃን ያውቃል።

«ያዙት! መንፈሱ ሊለቀው ነው!»

ጎልማሶቹ አፈፍ አደረጉኝ። አባ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳርፈው ውሃ ይከለብሱብኝ ጀመር።

«ለምን መጣህ?»

«ለ... ለመዝናናት!»

«ሊዝናናበት ነው የገባ!» አሉ ሰዎቹ እያማተቡ።

«ከየት መጣህ?»

«ከማርቆስ! በሞተር!»

«ዘንድሮ ደግሞ በሞተር ጀመሩ?»

«ኧረ ሕሊና፣ ደህና ነው በያቸው!»

ሕሊና ነጠላዋን አስተካክላ ቀረበች። «አባ፣ ዋና እችላለሁ እያለ የሚያወራውም እሱው ነው። አብሮ ይውጣልኝ። ያ ወሬኛ ከለቀቀው አገባዋለሁ።»

«ትለቃለህ?» አሉ አባ፣ ውሃውን እያነሱ።

«እለቃለሁ!»

ሰርጋችን ለጥር ተቆርጧል። ዳርቻው በሽተኛ ፈወሰ ተብሎ ዛሬ ቢጫ ጀሪካን በያዘ ሰው ተጨናንቋል። ጸጥታ ፍለጋ የወረድኩት እኔም ጸጥ ብዬ ከርሜአለሁ፤ ወሬ ላነሳ ስል ሕሊና ጀሪካን ታነሳለች።