ዛፎቹ ለሽርሽር የመጡ ቀን

ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ከጥበቃ ጎጆው ደጃፍ ጋደም እንዳለ፣ ጋሽ ይመር ሕልም አየ። ሰውዬው አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ራቁቱን የቀረ ተራራ በችግኝ ያለበሰ ነው። አሁን ተራራው ደን ሆኖ፣ የከተማ ሰው ለሽርሽር ይጎርፍበታል። ይመር ግን ዘበኛ ሆኖ ቀረ፤ አስጎብኚነቱ ለእንድሪስ ተሰጠ። ከመጣ ዓመት ላልሞላው ለእንድሪስ! ባርኔጣውን አጥልቆ "ውድ እንግዶቻችን" ሲል በሰማው ቁጥር ይመርን ቅናት ያንገበግበዋል።

በሕልሙ ሰዎች ጉድጓድ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ተተክለዋል። ይመርም ተተክሏል፤ እንድሪስ ደግሞ ከጎኑ። አንዲት ጦጣ ደብተር ይዛ፣ "አትነቃነቅ፤ ገና አልጸደቅህም!" ብላ ይመርን ተቆጣችው።

ከዚያ ዛፎቹ ለሽርሽር መጡ። ጥዱ ልጆቹን አስከትሎ፣ ግራሯ ጥላዋን ዘርግታ፣ ባሕር ዛፍ እንደ ልማዱ ሁሉንም እየገፋ። ግር ብለው እንድሪስ ሥር አረፉ።

"ምን ያለ ለምለም ሰው ነው!" አለች ግራሯ።

"ያኛውስ?" አለ ትንሹ ጥድ፣ ወደ ይመር እያመለከተ።

"ተወው፤ እሱ ቁጥቋጦ ነው።"

ወይ ጉድ! የይመር ደም ፈላ። ይሄኔ፣ በጫንቃው ውሃ ተሸክሞ ያሳደጋት ዋንዛ ብቅ አለች። "መጣችልኝ!" አለ። እሷ ግን አልፋው ሄዳ የእንድሪስ ትከሻ ላይ ተደገፈች።

"አንቺ! እኔ እኮ ነኝ የተከልኩሽ!"

"ማን ልበል?" አለችው። "ይቅርታ አባት፣ እኔን ያሳደገኝ ባለ ባርኔጣው ነው።"

እግሩን ከጉድጓዱ ነቅሎ ሊያንቃት ሲታገል፣ "ጋሼ! ጋሼ!" የሚል ድምፅ ቀሰቀሰው።

እንድሪስ ነበር። ከኋላው ሃያ የሚሆኑ እንግዶች ቆመዋል።

"ጋሼ፣ ደኑን የተከለው ሰው ራሱ ያስጎብኘን ይላሉ። እውነታቸውን እኮ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሥራው የእርስዎ ይሁን" አለና ሊያስነሳው ጎንበስ አለ።

የይመር ልብ ዘለለች። ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዴት ተስገብግቦ እሺ ይበል? ሰው ምን ይላል? ሁለቴ ሦስቴ መለመን ወጉ ነው።

"ኧረ አይሆንም! እኔ ምን አውቄ? አንተው ይሻላል" አለና "በሞቴ" እስኪባል ጠበቀ።

"እሺ ጋሼ" አለ እንድሪስ፤ እንግዶቹን ይዞ ወደ ደኑ ገባ።