ባለ በሩ ድንኳን

ያን ዕለት ጠዋት ሰበታ ላይ ውርጭ ወርዶ ነበር። ጥቅምት ገና መግባቱ ነው። ሣሩ ጨው የተበተነበት ይመስላል፤ የበቅሎዋ ትንፋሽ እንደ ጭስ ይትጎለጎላል፤ ከወጨጫ ተራራ በኩል የሚመጣው ንፋስ ጋቢ የለበሰውንም ያልለበሰውንም እኩል ይገርፋል። ጥሩሰው ደጃፏ ላይ ቆማ በቅሎዋን አየች፤ ከበቅሎዋ አጠገብ የተቆለለውን ጓዝ አየች፤ ቀጥላ ባሏን አየች። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች።

ባሏ አቶ ዓባይነህ ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ። ሰበታ ባይሆን ቡራዩ፣ ቡራዩ ባይሆን ሱሉልታ አግኝታችሁታል። አንድ ሌሊት ውጭ ለማደር ሲነሣ ቤቱን ነቅሎ ካልሄደ የማይሆንለት ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ሰፈሩ በእንዲህ ያለው ሰው ይስቃል፤ ሚስቱ ግን ጓዙን ታስራለች።

አቶ ዓባይነህ በአንድ ፋብሪካ ግምጃ ቤት ይሠራል። ሰው መጥቶ «ምስማር አለ?» ሲለው «አለ» ማለት፣ «ገመድ አለ?» ሲለው «አለ» ማለት ነው ሥራው። «የለም» ማለት ያለበት ቀን ፊቱ ጠቁሮ ነው ቤቱ የሚገባው፤ ራት እንኳ በደንብ አይበላም። ይህ ጠባዩ ከፋብሪካው አጥር ባይወጣ ጥሩሰው ባልከፋት። ነገር ግን ቤተሰቡ ከነልጆቹ በየዓመቱ ለጥቅምት አቦ ወደ ዝቋላ ይወጣል፤ መንገድ ላይ አንድ ሌሊት ያድራል፤ ተራራው ላይ ድንኳን ይተክላል። ያን ጊዜ ግምጃ ቤቱ አብሮ ይወጣል።

«ሁለት መጥረቢያ ምን ያደርግልናል?» ትለዋለች።

«የአንዱ እጀታ ቢወልቅስ? ምን ይታወቃል?»

«ጃንጥላ ይዘን የዝናብ ካፖርት ለምን?»

«ጃንጥላ ንፋስ ይገለብጠዋል። ምን ይታወቃል?»

«መስታወቱስ?»

«አንቺ ደግሞ! ሰው በበዓል ቀን መልኩን ሳያይ ይዋል?»

አንድ ዓመት የሽቦ አልጋውን ፈታትቶ ጫነው። ራስጌውና ግርጌው ተራራው ላይ በደህና ደረሱ፤ ሽቦው ግን ሰበታ ግድግዳ ተደግፎ ቀርቷል። ያን ሌሊት መሬት ላይ፣ በራስጌና በግርጌ መካከል ተጋድመው አደሩ። ጎረቤት ድንኳን ያሉ ሰዎች ማልደው «እግዜር ይማራችሁ» ሊሉ መጡ፤ በሽተኛ መስለዋቸው ነው።

የሰፈሩ ጎረምሶች በዚህ ጊዜ ነው «ግራዝማች ጓዙ» የሚል ማዕረግ የሰጡት። በሩን ካሠራ ወዲያ ደግሞ ደጃዝማች አደረጉት።

የበሩ ነገር እንዲህ ነው። አንድ ጊዜ የሰው አህያ ራሷን ወደ ድንኳኑ አስገብታ የበዓሉን ዳቦ ጨረሰችው። አቶ ዓባይነህ ሰበታ ሲመለስ አናጢ ጠርቶ፣ ከሣጥን እንጨት፣ ከነመቃኑ፣ ከነማጠፊያውና ከነመቀርቀሪያው የድንኳን በር አሠራ። ጥሩሰው ሥራው ሲያልቅ በሩን ዞር ዞር ብላ አየችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ሌባ ቢመጣ ጨርቁን ገልጦ ይገባል እንጂ በር ያንኳኳል?»

«ሌባ አያንኳኳም» አላት። «ጨዋ ሰው ግን ያንኳኳል።»

ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ዝቋላ ላይ የሚያንኳኳ ጨዋ ሰው አልጠፋም። መርፌ የጠፋባት ሴት ታንኳኳለች። መጥረቢያ የረሳ ሰው ሚስቱን ይልካል። ልጁን የበረደው ጋቢ ፍለጋ ይመጣል። ዓባይነህ መቀርቀሪያውን ስቦ «አለ! ግቡ!» ሲል ድምፁ እስከ ሐይቁ ይሰማል። ተበዳሪው ሁሉ በማግሥቱ በየአቅጣጫው ይበተናል። አንዳንዱ በሚመጣው ዓመት ይመልሳል፤ አንዳንዱ በጥቅምት ወስዶ በመጋቢት አቦ ይመጣና ሳይገናኙ ይቀራሉ። ጥሩሰው እንዲህ ያጣችው ማንቆርቆሪያ ሁልጊዜ ያንገበግባት ነበር።

እንግዲህ በዚያ ውርጫማ ጠዋት ጓዙ ሁሉ ደጅ ተቆልሏል፤ በሩም ከላይ ተጋድሟል። በየዓመቱ በቅሎ የሚያከራዩዋቸው የተጂው ገበሬ ኦቦ ኢቲቻ ናቸው፤ እሳቸውም አቦን ሳይሳለሙ አይውሉም። ሁልጊዜ ሁለት በቅሎ ይዘው ይመጣሉ፤ አንዷ ለጓዙ፣ አንዷ ለጥሩሰው እናት ለእማማ አትክልት። ዛሬ ግን የመጡት አንዷን ብቻ እየሳቡ ነው።

«አካም ቡልተን?» አሉ ኦቦ ኢቲቻ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ሌላዋስ?» አለ ዓባይነህ።

«ጀርባዋ ቆስሏል። ኮርቻ አትችልም።»

«ከሌላ ሰው አይገኝም?»

«በአቦ ሰሞን? በቅሎ ያለው ሁሉ ራሱ ሊሄድባት ጭኗል።»

ዓባይነህ ጓዙን አየ። እማማ አትክልትን አየ። ጉልበታቸው ከያዛቸው ቆይቷል፤ ከቤት እስከ አጥር እንኳ በምርኩዝ ነው። ጃንጥላ በነጠላ ጠቅልለው ደረታቸው ላይ አቅፈዋል፤ ጥለት ያለው፣ የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ነው። ስለታቸው ነው።

«ገባኝ» አለ ዓባይነህ ፊቱ በርቶ። «ጓዙ ከሥር ይሆናል፤ እማማ ከላይ ይቀመጣሉ። እንዲያውም ይመቻቸዋል፤ እንደ ፍራሽ።»

«ላኪ፣ አይሆንም!» አሉ ኦቦ ኢቲቻ። «በቅሎ ናት እንጂ ካሚዮን ናት?»

እሱ ግን መጫን ጀምሯል። ድንኳኑን ጫነ፤ ምንጣፉን ጫነ፤ መጥረቢያዎቹን፣ ድስቶቹን፣ መስታወቱን ጫነ። በሩን አንሥቶ ሊደርብ ሲል በቅሎዋ ፊቷን አዙራ አየችው፤ ከዚያ እግሮቿን አጥፋ ተኛች።

«አየህ? እሷም ገባት» አሉ ኦቦ ኢቲቻ።

ዓባይነህ በሩን እንደተሸከመ ወደ እማማ አትክልት ዞረ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር።

«እማማ፣ ለመጋቢት ቢሆንስ? ያኔ ሁለቱም በቅሎዎች ይኖራሉ፤ መንገዱም ይደርቃል። ተመችቶዎት ይወጣሉ።»

«መጋቢት ለአንተ ቅርብ ነው ልጄ። ለእኔ ሩቅ ነው» አሉ። ከዚያ ጃንጥላውን መታ መታ አደረጉት። «ይህ የማን ስለት እንደሆነ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

«የሰው ስለት አይጠየቅም ብዬ ነው፣ እማማ።»

«የአንተ ነው። ተስቦ ይዞህ ራስህን ስተህ ስትቃዥ፣ ይህ ሰው ከተነሣ በገዛ እጄ አምጥቼ እሰጣለሁ አልኩ። አቦም አነሡህ። አሁን አንተ ለመስታወት ብለህ ታስቀረኛለህ?»

ጥሩሰውም ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ዓባይነህ በሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አቆመው። የበቅሎዋን ጭነት ፈታ፤ ዕቃውን አንድ በአንድ ወደ ቤት መለሰ። ድንኳኑ ሳይቀር ተመለሰ፤ ብቻውን የአንድ ሰው ጭነት ነውና። የቀረው ትንሽ ሸራ፣ አንድ ድስት፣ ስንቅና በየትከሻው ያለ ጋቢ ብቻ ነው። ሲጨርስ እማማ አትክልትን በሁለት እጁ አቅፎ ኮርቻው ላይ አስቀመጣቸው።

ጥሩሰው ስንት ዓመት የተመኘችው ይህን ነበር። መንገዱን እጇን እያወዛወዘች ጀመረችው፤ ልጆቿም ከፊቷ ይሮጣሉ። ግማሽ ቀን ያህል ደስ አላት። ከዚያ ዓይኗ ባሏ ላይ ዐረፈ። ባዶ እጁን መሄድ አያውቅበትም፤ አንዴ ወደ ኋላ ያጣምራቸዋል፣ አንዴ ብብቱ ሥር ይሸጉጣቸዋል። ሲያርፉ ለመፍታት ይነሣና የሚፈታ ነገር ሲያጣ ተመልሶ ይቀመጣል።

በማግሥቱ ዝቋላ በደረሱ ጊዜ እንደ ወትሮው ከትልቁ ጥድ ሥር ሸራውን ወጠሩ። የሚያውቃቸው ሰው ሁሉ በፊታቸው ያልፋል፤ የሚያያቸው ግን የለም። አንድ ሽማግሌ ከሸራው ፊት ቆመው ለጓደኛቸው «ባለ በሩ ዘንድሮ አልመጣም መሰለኝ፤ ምን አግኝቶት ይሆን?» ሲሉ ዓባይነህ ይሰማል። ጫማውን እንደሚያስር ሰው ጎንበስ አለ።

ወርቅቱ የምትባል የሱሉልታ ሴት ግን ለየችው።

«አቶ ዓባይነህ! በከንቱ ስዞር! በሩን ሳጣ እኮ ነው። መጥረቢያ አላችሁ አይደል?»

«የለም» አለ።

ጥሩሰው ያን ፊት ታውቀዋለች። ከፋብሪካው በመጥፎ ቀን ይዞት የሚመጣው ፊት ነው። ወርቅቱ ትንሿን ሸራ አየች፤ ከሥሯ የተኮራመቱትን አሮጊት አየች፤ ተመልሳ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ደመናው ተራራው ላይ ተቀመጠ። ጥቅምት ነው ዝናብ የለም ያለ ሁሉ ተሸወደ። ሸራዋ በመጀመሪያ አንጠባጠበች፤ ቀጥላ አፈሰሰች። የእማማ አትክልት ነጠላ ረጠበ፤ ጋቢያቸውም ረጠበ፤ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ጃንጥላው አሁንም ደረታቸው ላይ ነው።

«እማማ፣ ዘርጊው እንጂ!» አለች ጥሩሰው።

«የአቦን? በእኔ ራስ ላይ?»

«እስከ ነገ እንዴት ትደርሺያለሽ?»

«እደርሳለሁ» አሉ፤ ጥርሳቸው ግን እየተንገጫገጨ ነው።

ዓባይነህ የራሱን ጋቢ አውልቆ ደረበላቸው፤ እሱም እርጥብ ነበር። ጥሩሰው ያን የዝናብ ካፖርት አሰበች፤ ሰበታ፣ ምስማር ላይ፣ ደርቆ ተሰቅሏል። ባሏ ቀና ብሎ አያት። «ምን ይታወቃል?» ሊላት ይችል ነበር። አላላትም። ይህንን እስከ ዛሬ አልረሳችለትም።

ያን ጊዜ ነው ከሸራው ውጭ «ቋ! ቋ! ቋ!» የሚል የሰው ድምፅ የተሰማው።

«ማነው?» አለ ዓባይነህ።

«ወርቅቱ ነኝ። በር ብታጡ በአፌ ላንኳኳ ብዬ ነው።»

ደረቅ ጋቢ ይዛለች። «የእናንተው ነው» አለች። «ካቻምና ልጄን ሲበርደው የሰጣችሁኝ። ባለ በሩ ባዶ እጁን መጥቶ አማቱ ዝናብ ላይ ናቸው ብዬ ያላየሁት ድንኳን የለም።»

ከኋላዋ ሰው ነበር። አንዱ መጥረቢያ ይዞ መጣ፤ እጀታውን እንኳ ለውጦታል። አንዱ ገመድና ሰፊ ሸራ አመጣ። አንዲት ሴት ጥቁር ማንቆርቆሪያ አንጠልጥላ ብቅ ስትል ጥሩሰው ከመቀመጫዋ ተነሣች። ጎረቤቶቿን ሁሉ በልቧ ስታማበት የኖረችው ማንቆርቆሪያ ነው። ከመጣው ሁሉ በአፉ «ቋ ቋ» ሳይል የገባ የለም፤ ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። ሳይመሽ በራሳቸው ሸራ ሥር፣ በራሳቸው መጥረቢያ የተፈለጠ እንጨት እየነደደ፣ እማማ አትክልት በደረቅ ጋቢ ተጠቅልለው ትኩስ ነገር ይጠጡ ነበር።

በማግሥቱ በምርኩዛቸው፣ በአንድ ወገን የዓባይነህን ክንድ ይዘው፣ ከሸራው እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በእግራቸው ሄዱ። ጃንጥላውን ለዲያቆኑ በገዛ እጃቸው ሰጡ። ዲያቆኑ ሲዘረጋው ቀና ብለው አዩትና ወደ አማቻቸው ዞር አሉ።

«ያምራል፤ አይደል?»

ዓባይነህ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

ሲወርዱ እማማ አትክልት በበቅሎዋ ላይ ናቸው፤ ዓባይነህ ደግሞ ሸራና ገመድ ተሸክሟል፣ መጥረቢያው በትከሻው ነው።

«ባዶ እጁን ወጥቶ ጭኖ የሚወርድ ሰው ዛሬ አየሁ» አሉ ኦቦ ኢቲቻ።

ተራራው ግርጌ ላይ ጋሪው የተሰበረበት ሰው ተቀምጦ አገኙ። «ወንድሜ፣ መጥረቢያዋን ብታውሰኝ?» አለ። ዓባይነህ «አለ!» ብሎ ከትከሻው አወረዳት። ጥሩሰው ማንቆርቆሪያውን ግን ወደ ጀርባዋ ደበቀች።

እማማ አትክልት ከዚያ ወዲያ ዝቋላን አላዩም፤ በተከታዩ ክረምት ዐርፈው ሰበታ ተቀብረዋል። አቶ ዓባይነህ ዛሬም ሰበታ ነው፤ ሥራውም እዚያው ግምጃ ቤት ነው። ጥቅምት ገብቷል። አሁን ጓሮ ቆሞ የበሩን ማጠፊያ ዘይት እየቀባ ነው፤ ጥሩሰውም በሩን ይዛለታለች።